በርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ኦቨርክሎክ፦ የትኛው ቦርድ ምን ይፈቅዳል፣ የትኛውስ መንገድ ያዋጣል?

ራይዘን 5 5600 ገዝቶ ቦርድ የሚፈልግ ሰው ፊቱ ሦስት ካርቶን ይደረደርለታል፦ ኤ520፣ ቢ450 እና ቢ550። ሦስቱም ፕሮሰሰሩን ይቀበላሉ፣ ሦስቱም ላይ «ጌሚንግ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። ልዩነቱ የሚገለጠው ባዮስ (የቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር የሚስተካከልበት ፕሮግራም) ተከፍቶ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከፋብሪካው በላይ ለመጨመር፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ለማድረግ ሲሞከር ነው። አንዱ በሩን ጨርሶ ዘግቶታል። ሌላው ከፍቶታል፣ ነገር ግን ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀርበው ክፍል ጭነቱን አይችልም። ኢንቴል በኩል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፕሮሰሰሩም ቦርዱም አንድ ላይ ካልፈቀዱ አይሆንም።

የዚህ መመሪያ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። በርካሽ ቦርድ ላይ ዛሬ ትርፍ የሚገኘው ፍጥነትን በእጅ ቆልፎ ቮልቴጅ በመጨመር አይደለም። የሚገኘው ራሙን በትክክለኛ ፍጥነቱ በማስነሳት፣ የኃይል ገደቡን በልኩ በማላላት እና ቮልቴጁን በመቀነስ ነው። በእጅ መቆለፍ የሚያዋጣው ለተወሰኑ የቆዩ ፕሮሰሰሮች ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከመግዛት በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

የቺፕሴቱ፣ ማለትም ቦርዱ ምን እንደሚፈቅድ የሚወስነውና እንደ ቢ550 ያለ ስም የያዘው ቺፕ፣ ፈቃድ። ኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮቹን ከጥቂቶች በስተቀር ክፍት አድርጎ ነው የሚሸጠው፤ የሚዘጋው ቦርዱ ነው። በኤኤም4 ሶኬት ኤ320 እና ኤ520 የፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አይፈቅዱም፤ ቢ350፣ ቢ450 እና ቢ550 ይፈቅዳሉ። በኤኤም5 ደግሞ ኤ620 እና ቢ840 ዝግ ናቸው፤ ቢ650 እና ቢ850 ክፍት ናቸው። ቢ840 በስሙ የቢ ቤተሰብ ስለሚመስል ብዙ ገዢ ያሳስታል። ኢንቴል ግን የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ኬ» እንዲኖር፣ ቦርዱም ከዜድ ቤተሰብ እንዲሆን ይጠይቃል። ኤች610፣ ቢ660 እና ቢ760 ላይ ኮር አይ5 12600ኬ ብታስቀምጡ ፕሮሰሰሩ ይሠራል እንጂ ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር፣ ማባዣው፣ አይነካም።

ኃይል የሚያቀርበው ክፍል፣ ማለትም ቪአርኤም። ርካሽ ቦርድ ከውዱ በዋናነት የሚለየው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1.2 ቮልት አካባቢ የሚያወርደው ይህ ክፍል ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ አምፔሩ ያድጋል፣ የቦርዱ ሙቀትም የሚመጣው ከአምፔሩ ነው።

የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ኮሮቹ (ስሌቱን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) በ4.0 ጊጋኸርዝ እና በ1.20 ቮልት 70 ዋት ይጠቀማሉ እንበል፤ ይህ 58 አምፔር ገደማ ነው። ፍጥነቱን ወደ 4.3 ጊጋኸርዝ ለማድረስ ቮልቴጁን ወደ 1.35 ከፍ ብታደርጉት ፍጆታው 95 ዋት አካባቢ ይደርሳል፣ አምፔሩም 70 ይሆናል። በሞስፌቶቹ (ጅረቱን በሚያበሩና በሚያጠፉት የቪአርኤሙ ቺፖች) ውስጥ ከሚያልፈው ጅረት የሚመነጨው ሙቀት በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ ይህ ለውጥ በ46 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። በፍጥነት ያገኛችሁት 7.5 በመቶ ነው። ሂትሲንክ (ሙቀት የሚበትን ብረት) የሌለው፣ ባለ አራት ፌዝ (ኃይሉን የሚካፈል መስመር) ቦርድ ይህን ልዩነት ለአሥር ደቂቃ ይችለው ይሆናል፤ ለሁለት ሰዓት የቪዲዮ ሬንደር ግን አይችለውም።

ሱቅ ውስጥ ቦርዱን በዓይን ለመመዘን ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ በሶኬቱ ግራና ከላይ የተደረደሩትን ግራጫ ወይም ጥቁር ኩብ መሰል ኮይሎች ቁጠሩ። ከእነርሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ለኮሮቹ ሳይሆን ለሌላው የፕሮሰሰሩ ክፍል ናቸው፤ ስለዚህ ስድስት ኮይል ያለው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ለኮሮቹ ያለው አራት ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የፌዝ ብዛት ደግሞ ሁለቱን ደምሮ ነው። ሁለተኛ፣ ሞስፌቶቹ ላይ ሂትሲንክ መኖሩን፣ በብሎን መታሰሩን እና ሁሉንም ረድፍ መሸፈኑን እዩ፤ በፕላስቲክ ፒን የተያዘ ወይም አንዱን ረድፍ ብቻ የሚሸፍን ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ የፕሮሰሰሩ የኃይል መሰኪያ ባለ 4 ፒን ነው ወይስ ባለ 8 ፒን? ባለ 4 ፒኑ ለ65 ዋት ፕሮሰሰር አያንስም፤ ነገር ግን አምራቹ ራሱ ቦርዱን ለትልቅ ጭነት እንዳላሰበው ይነግራችኋል።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር፦ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። በ105 ዲግሪ 5,000 ሰዓት የተመደበለት ካፓሲተር በ85 ዲግሪ ወደ 20,000 ሰዓት ይዘልቃል። ቪአርኤሙን ማቀዝቀዝ ማለት የቦርዱን ዕድሜ መግዛት ማለት ነው።

ባዮሱ ምን ምን ይሰጣል? ቺፕሴቱ ፈቅዶ ባዮሱ ግማሹን ሊደብቅ ይችላል። ቮልቴጅን በመደመርና በመቀነስ የማስተካከያ አማራጭ፣ ጭነት ሲመጣ የሚወርደውን ቮልቴጅ የሚያስተካክለው የሎድላይን ቅንብር እና በኋላ የምናየው ከርቭ ኦፕቲማይዘር መኖራቸውን ከአምራቹ ድረ ገጽ ማንዋሉን አውርዳችሁ ፈልጉ። ማንዋሉ ነጻ ነው፣ ከመግዛታችሁ በፊትም ይነበባል።

ሲበላሽ መመለሻ መንገድ። የባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ያለው ቦርድ ያለ ፕሮሰሰርም ቢሆን ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ ይቀበላል። ይህ በተለይ ፕሮሰሰሩ ከውጭ በዘመድ እጅ ለሚመጣለት ሰው ይጠቅማል። መጋዘን ውስጥ የቆየ ቢ450 ቦርድ ራይዘን 5000ን የሚያውቅ ባዮስ ላይኖረው ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ የቆየ ፕሮሰሰር ተበድሮ ማዘመን ግድ ይሆናል። ቀደም ብለው የተመረቱ ቢ550 ቦርዶችም ይኸው ችግር አለባቸው።

አየሩና ማቀዝቀዣው። በዩቲዩብ የምታዩት የሙቀት ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል በቀረበ ቦታ የተለካ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከዚያ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ስለሚያንስ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ ኤሲ የሚሠራ ሰው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ክፍሉ በቀን የሚግል ሰው፣ የክፍሉን ሙቀት ከሌላ ሰው ውጤት ላይ ሳይደምር ቁጥር መቅዳት የለበትም። በ22 ዲግሪ ክፍል 78 ዲግሪ የነበረው ፕሮሰሰር በ36 ዲግሪ ክፍል ከ90 ያልፋል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር የኩለሩ ዓይነት ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ኩለር ወደ ታች ስለሚነፍስ የቦርዱን ሞስፌቶችም ያቀዘቅዛል። ታወር ኩለር ወይም የውሃ ማቀዝቀዣ ስትተኩበት ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፣ ሂትሲንክ የሌለው ቪአርኤም ግን ያንን ንፋስ ያጣል። «ኩለር ቀይሬ ፍጥነቱ ለምን ወረደ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ የተለመደ መልስ ይህ ነው። መፍትሔው ከኬዙ ኋላ ወይም ከላይ ወደ ሶኬቱ አካባቢ አየር የሚያንቀሳቅስ ፋን መጨመር ነው።

መብራት። ባዮስ ሲዘመን መብራት ቢሄድ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ለዚያች ሰዓት ተዋሱ። ያገለገለ ቦርድ ከሆነ ሲአር2032 ባትሪውን መጀመሪያ ቀይሩት፤ የደከመ ባትሪ ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቅንብሩን ያጠፋዋል፣ እናንተ ግን ኦቨርክሎኩ ያልተረጋጋ ይመስላችኋል።

## ኤ320፣ ኤ520፣ ኤ620፦ ራሙን ብቻ

እነዚህ ቦርዶች ፕሮሰሰሩን አያስነኩም፤ ራሙን ግን ያስነካሉ፣ ያም ቀላል አይደለም። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም ባዮሱ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለው አማራጭ እስኪበራ ድረስ ብዙውን ጊዜ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚሠራው። ይህን ማብራት አንድ ደቂቃ ይወስዳል።

ተለይቶ የግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ከሁሉም ኦቨርክሎክ የሚበልጠው ራሙን ሁለት እንጨት ማድረግ ነው። ራይዘን 3 3200ጂ ወይም ራይዘን 5 5600ጂ በአንድ ባለ 16 ጊጋባይት እንጨት ፈንታ በሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ሲሠራ ግራፊክሱ የሚያገኘው የራም መስመር በእጥፍ ስለሚሰፋ፣ ብዙ ጌሞች ላይ ልዩነቱ ከ30 በመቶ ያልፋል። ማንኛውም የፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ይህን አይሰጥም።

ኢንቴል ላይ የዚህ አቻ ኤች610 ነው፤ እርሱ ግን ዲዲአር4ን ከ3200 በላይ አያስኬድም። ከ3200 የፈጠነ ዲዲአር4 ራም ለኤች610 መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

## ቢ450 እና ቢ550፦ በእጅ መቆለፍ

ይህ የጥንቱ መንገድ ነው፦ ማባዣውን ማስገባት፣ ቮልቴጅ መስጠት፣ መሞከር። ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው የራይዘን ትውልድ እስከ ዛሬ ጥሩ ነው። በ2017 የወጣው ራይዘን 5 1600 ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ 3.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚይዘው። በ1.30 እስከ 1.35 ቮልት ብዙዎቹ 3.8 ይደርሳሉ፤ ይህ 12 በመቶ ነው። ራይዘን 5 2600 በተመሳሳይ ቮልቴጅ 4.0 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይይዛል።

ከ3000 ትውልድ ጀምሮ ግን ፕሮሰሰሩ ራሱን በራሱ በደንብ ስለሚያስኬድ በእጅ መቆለፍ ሊጎዳ ይችላል። ራይዘን 7 3700ኤክስ በአንድ ኮር 4.4 ጊጋኸርዝ የመድረስ አቅም አለው፤ ሁሉንም በ4.2 ስትቆልፉት ከባድ ሥራ ላይ ጥቂት ታተርፋላችሁ፣ በአንድና በሁለት ኮር በሚሄድ ጌም ላይ ግን ትከስራላችሁ። 5800ኤክስ ላይ ክስረቱ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ፕሮሰሰር የሚገድል አንድ ስህተት አለ። ኤችደብሊውኢንፎ የተባለውን የሙቀትና የቮልቴጅ መከታተያ ፕሮግራም ስትከፍቱ ፕሮሰሰሩ ቀላል ሥራ ላይ 1.45 ቮልት ሲነካ ታያላችሁ። ይህ ጤነኛ ነው፤ ለአንድ ኮር፣ ለአጭር ጊዜ፣ በትንሽ አምፔር ነውና። ያንኑ ቁጥር ወስዶ ለሁሉም ኮር ቋሚ ቮልቴጅ ማድረግ ግን ከባድ ሥራ ሲመጣ ቺፑን በየቀኑ ይበላዋል። መጀመሪያ በ4.2 የሠራው በወራት ውስጥ 4.1 አልይዝ ይላል። ለ3000 እና ለ5000 ትውልድ ቋሚ ቮልቴጅ የምትሰጡ ከሆነ 1.25 አካባቢ ጀምሩ፣ 1.30ን እንደ ጣሪያ ያዙ። የሎድላይን ቅንብሩን መካከለኛው ላይ አድርጉት። ኃይለኛው ደረጃ ጭነት ድንገት ሲነሳ ቮልቴጁን ካዘዛችሁት በላይ ያዘልለዋል፣ ርካሽ ቦርድ ላይ ደግሞ ሶፍትዌር ይህን ዝላይ አያሳያችሁም።

## ቢ550 ከከርቭ ኦፕቲማይዘር ጋር፦ የምንመክረው

ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭ፣ በአጭሩ ፒቢኦ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን የማስኬድ ችሎታውን እንደያዘ ገደቦቹን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ገደቦቹ ሦስት ናቸው፦ ፒፒቲ በዋት፣ ቲዲሲ ለረጅም ጊዜ በሚፈስ አምፔር፣ ኢዲሲ ደግሞ ለቅጽበት በሚፈስ አምፔር። ራይዘን 5 5600 ከፋብሪካ ሲወጣ 76 ዋት፣ 60 እና 90 አምፔር ተደርጎ ነው።

ከርቭ ኦፕቲማይዘር ከ5000 ትውልድ ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ በየፍጥነቱ የሚጠይቀውን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርጋል። እያንዳንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ነው፤ አሉታዊ 20 ማለት ከ60 እስከ 100 ሚሊቮልት መቀነስ ነው። ቮልቴጁ ሲቀንስ በዚያው ዋት ውስጥ የበለጠ ፍጥነት ይገባል። ቦርዱ ብዙ ተጨማሪ አምፔር አልተጠየቀም፣ ሙቀቱ አልጨመረም፣ ፍጥነቱ ግን አደገ። ደካማ ቪአርኤም ላለው ሰው ከዚህ የሚስማማ መንገድ የለም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

1. ባዮሱን አዘምኑ፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልሱት።
2. ኤክስኤምፒ ብቻ አብሩና የራም መፈተኛውን ሜምቴስት86 ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር አስኪዱ። ራሙ ሳይረጋገጥ ፕሮሰሰር መንካት የጥፋቱን ምንጭ ያደበላልቃል።
3. የፕሮሰሰር መፈተኛውን ሲኔቤንች አር23ን ለአሥር ደቂቃ አስኪዳችሁ ውጤቱን፣ ሙቀቱን እና የሁሉንም ኮር ፍጥነት መዝግቡ።
4. ፒቢኦን «አድቫንስድ» ላይ አድርጉ። ሂትሲንክ ለሌለው ቦርድ ፒፒቲ 76 ላይ ይቆይ። ደህና ሂትሲንክ ላለው 95 ዋት፣ 70 እና 100 አምፔር ስጡት። «ማዘርቦርድ» የሚለውን አማራጭ አትምረጡ፤ ቦርዱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቁጥር ራሱ ይሞላል። ስኬለር የሚለው በ1 ይቆይ።
5. ከርቭ ኦፕቲማይዘርን ለሁሉም ኮር አሉታዊ 10 አድርጉ። ከተረጋጋ 15፣ ከዚያ 20።
6. መጨረሻ ላይ ከፍተኛውን ፍጥነት በ100 ሜጋኸርዝ ጨምሩ። ጣሪያው 200 ነው፤ ነገር ግን ያንን ሲጠይቁ የሰጡትን የቮልቴጅ ቅናሽ በከፊል መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ፈተናው ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። የከርቭ ቅንብር ሲበዛ ኮምፒውተሩ ሲኔቤንች ላይ አይወድቅም። የሚወድቀው ሥራ ሲፈታ ነው፦ ብሮውዘር ተከፍቶ ሲነበብ፣ ወይም ሌሊት ዝም ብሎ ሲቀመጥ በድንገት ሪስታርት ያደርጋል። ምክንያቱ ከፍተኛው ፍጥነት የሚመጣው አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር ለብቻው የሚፈትን ኮርሳይክለር የተባለ ነጻ ፕሮግራም ሌሊቱን አስኪዱ። በዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ ከደብሊውኤችኢኤ ሎገር የመጣ ቁጥር 18 ስህተት ካያችሁ አብሮት የተጻፈው የኮር መለያ የትኛው እንደደከመ ይጠቁማል፤ የዚያን ኮር ቁጥር በ5 መልሱት። ምርጥ ተብለው የተሰየሙት ሁለቱ ኮሮች ከሌሎቹ ያነሰ ቅናሽ ነው የሚችሉት፤ ፋብሪካው ቀድሞውኑ ቮልቴጃቸውን አጥብቆ ሰጥቷቸዋልና።

ቪአርኤሙ መጋሉን ለማወቅ የሙቀት ሴንሰር የሌለው ቦርድ ላይም ቢሆን መንገድ አለ። ኤችደብሊውኢንፎ ውስጥ «ፕሮክሆት ኤክስት» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ፕሮሰሰሩ ራሱ 70 ዲግሪ ላይ ሆኖ ይህ መስመር «የስ» ካለና ፍጥነቱ ድንገት ከወደቀ፣ ትእዛዙ የመጣው ከቦርዱ ነው።

ራሙ ላይ ለ5000 ትውልድ 3600 ጥሩ ማቆሚያ ነው፤ የውስጥ መስመሩ ፍጥነት፣ ኤፍክሎክ የሚባለው፣ 1800 ሆኖ እኩል ይሄዳል። 3200 ራም ላላችሁ 1600 ነው። ኤክስኤምፒ ሲበራ አንዳንድ ቦርድ የሶክ ቮልቴጁን (ከኮሮቹ ውጭ ላለው የፕሮሰሰሩ ክፍል የሚሰጠውን) ያለ ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ 1.10 አካባቢ በእጅ አስገቡት፣ 1.20ን አትለፉ።

ቢ450ም ባዮሱ ከዘመነ ይህንኑ ከርቭ ብዙ ሞዴሎች ላይ ይሰጣል፤ ከመግዛት በፊት በዚያው ሞዴል መረጋገጥ አለበት። 5800ኤክስ3ዲ ያለው ሰው ግን በእጅ የመቆለፍ ሐሳቡን ይተው፤ ማባዣው በፋብሪካ ተዘግቷል።

## ቢ650፦ አዲሱ ሶኬት

አሠራሩ ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ራይዘን 5 7600 በ88 ዋት ገደብ ይመጣል፤ ፒቢኦ ሲበራ በከርቭ ቅናሽ ታግዞ ወደ 7600ኤክስ ይጠጋል፣ ስለዚህ ለኤክሱ ተጨማሪ መክፈል ብዙም አያስፈልግም። የ7000 ትውልድ ከባድ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ እስኪደርስ ሆነ ተብሎ እንዲሮጥ ተሠርቷል፣ በዚህ አትደንግጡ። ራም ዲዲአር5 6000 ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ችላ የማይባል ነው። በ2023 ጸደይ አንዳንድ የ7000 ፕሮሰሰሮች፣ በተለይ 3ዲ የሚባሉት፣ ኤክስፖ (በኤኤምዲ በኩል የኤክስኤምፒ አቻ) ሲበራ ቦርዶች ከመጠን ያለፈ የሶክ ቮልቴጅ በመስጠታቸው ሶኬቱ ውስጥ ተቃጥለዋል። ከዚያ በኋላ የወጡ ባዮሶች ቮልቴጁን በ1.30 ይገድባሉ። መጋዘን ውስጥ የቆየ ቢ650 ከገዛችሁ ኤክስፖ ከማብራታችሁ በፊት ባዮሱን አዘምኑ።

## ኢንቴል ቢ660 እና ቢ760፦ ማባዣ የለም፣ የኃይል ገደብ አለ

እነዚህ ቦርዶች ራሙንና የኃይል ገደቡን ያስነካሉ። ፒኤል1 የቋሚው፣ ፒኤል2 የአጭር ጊዜው ዋት ነው። ኮር አይ5 12400 65 እና 117 ዋት፣ ኮር አይ7 12700 ደግሞ 65 እና 180 ዋት ነው። ጥቅሙ እንደ ፕሮሰሰሩ ይለያል። 12400 በከባድ ሥራም ከ65 ዋት ብዙ አያልፍም፣ ገደቡን ማንሳት የሚሰጠው ጥቂት ነው። 12700 ግን በ65 ዋት ሲታሰር ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፤ 125 ዋት ስትሰጡት ሌላ ፕሮሰሰር ይሆናል። ሂትሲንክ የሌለው ቢ660 ላይ ይህን ማድረግ ግን ቪአርኤሙ ግሎ እንደገና ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ አይ7 የሚገዛ ሰው ቦርዱ ላይ መቆጠብ የለበትም።

ኬ ያልሆኑት የ12ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች የራም መቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ ስለሚቆልፉ ዲዲአር4 3600 በጊር 1 (የራም መቆጣጠሪያው ከራሙ ጋር እኩል ሲሄድ) የመነሳቱ ነገር በቺፑ ዕድል ላይ ያርፋል። 3200 ይበቃል።

በ2022 መጀመሪያ ላይ የውጭ ክሎክ ጄኔሬተር የተገጠመላቸው ጥቂት ቢ660 ቦርዶች 12400ን በቤዝ ክሎክ (ማባዣው በሚያባዛው መነሻ ፍጥነት) 5 ጊጋኸርዝ አካባቢ እንደሚያደርሱ ታይቶ ነበር። መንገዱ የተወሰነ ቦርድና የተወሰነ የቆየ ባዮስ ይፈልጋል፤ ያንን ባዮስ መያዝ ማለት ከዚያ ወዲህ የመጡ ማስተካከያዎችን መተው ነው። ዛሬ ለዚህ ብሎ ቦርድ መፈለግን አንመክርም።

ኬ ፕሮሰሰር ከዜድ ቦርድ ጋር ይሠራል፣ ነጻነቱም ሙሉ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ላይ ጭማሪ ተከፍሎ፣ ጠንካራ ኩለር ተጨምሮበት በርካሽ ምድብ ውስጥ አይቀመጥም። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ያላችሁ ግን ኦቨርክሎክ ብታደርጉም ባታደርጉም ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ የወጣ ባዮስ ይኑራችሁ። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ቺፖቹን እያደከመ ስለነበር ኢንቴል ማስተካከያውን ያወጣው በማይክሮኮድ ነው።

## ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች

ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ እና የሌኖቮ ዴስክቶፖች ኪው ቺፕሴት ይዘው ባዮሳቸው የተዘጋ ነው። ኮር አይ7 2600ኬ ቢገባባቸውም ማባዣው አይከፈትም። እዚህ ላይ ገንዘቡ ወደ ኤስኤስዲ እና ወደ ሁለተኛ የራም እንጨት ይሂድ።

ያገለገለ ኤች81 ወይም ቢ85 ቦርድ ያለው ሰው ግን አንድ ለየት ያለ ዕድል አለው። በ2014 የወጣው ፔንቲየም ጂ3258 ክፍት ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ብዙ ርካሽ ቦርዶች ላይ ከ3.2 ወደ 4.2 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ሁለት ኮር ብቻ ስለሆነ ለዛሬ ጌም አይበቃም፤ ኦቨርክሎክ ለመማር ግን እንደ እርሱ ርካሽ መማሪያ የለም።

## ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| ቦርድ | የፕሮሰሰር ፍጥነት | ራም | በቪአርኤም ላይ ያለው ጫና | የሚጠበቅ ትርፍ |
|---|---|---|---|---|
| ኤ320፣ ኤ520፣ ኤ620 | ዝግ | ይፈቀዳል | የለም | በራም ብቻ፤ ያለ ግራፊክስ ካርድ ትልቅ |
| ቢ450፣ በእጅ (1000፣ 2000 ትውልድ) | ክፍት | ይፈቀዳል | ከፍተኛ | 10 በመቶ ገደማ |
| ቢ450/ቢ550፣ በእጅ (3000፣ 5000 ትውልድ) | ክፍት | ይፈቀዳል | ከፍተኛ | ትንሽ፤ በአንድ ኮር ክስረት ሊኖር ይችላል |
| ቢ550፣ ፒቢኦ እና ከርቭ | ክፍት | እስከ 3600 በምቾት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ሙቀቱ ሳይጨምር |
| ቢ650፣ ፒቢኦ እና ከርቭ | ክፍት | 6000 | መካከለኛ | ለ7600 ጥሩ |
| ኤች610 | ዝግ | እስከ 3200 | የለም | በራም ብቻ |
| ቢ660፣ ቢ760 | ዝግ፤ የኃይል ገደብ ብቻ | ይፈቀዳል | እንደ ፕሮሰሰሩ | ለአይ5 ትንሽ፣ ለአይ7 ትልቅ |
| ዜድ690፣ ዜድ790 ከኬ ጋር | ክፍት | ይፈቀዳል | ከፍተኛ | ጥሩ፤ በርካሽ ግን አይደለም |
| ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር | ዝግ | አብዛኛው ዝግ | የለም | የለም |

## ማን የቱን ይውሰድ?

ገንዘቡ ለፕሮሰሰርና ለቦርድ ብቻ የሚበቃ ተማሪ 5600ጂ ከኤ520 ጋር፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት 3200 ራም ይውሰድ። ከኤ520 ወደ ቢ550 ያለውን ልዩነት ለሁለተኛው የራም እንጨት ያውለው።

ጌም ቤት የሚከፍት ሰው አሥር ኮምፒውተር ላይ አሥር የተለያየ የከርቭ ቁጥር መፈለግ የለበትም፤ እያንዳንዱ ቺፕ የየራሱ ጠባይ አለው። ሁሉንም አሉታዊ 10 ላይ፣ ፒፒቲ በፋብሪካው ቁጥር ያድርጋቸው። ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ክፍል ለሚሠራ ማሽን ዋናው ነገር መረጋጋት ነው።

ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ለኦቨርክሎክ ሊያወጣ ያሰበውን የኩለርና የቦርድ ገንዘብ ይደምርና ከ5600 ወደ 5700ኤክስ ለመሸጋገር ስንት እንደሚጎድለው ይመልከት። ሁለት ተጨማሪ ኮር ሬንደር ላይ ከየትኛውም የቮልቴጅ ማስተካከያ ይበልጣል። የ5700ኤክስ የፋብሪካ ገደብ ደግሞ ያው 76 ዋት ስለሆነ ቦርዱን አያስጨንቀውም።

ራይዘን 1600 ወይም 2600 ከቢ450 ጋር ያለው ሰው ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣውን ወደ ታች የሚነፍስ ኩለር እንደያዘ 3.8 ወይም 4.0 ጊጋኸርዝ ይሞክር፤ ቮልቴጁ ከ1.35 አይለፍ። ባዮሱን ካዘመነ ግን ያው ቦርድ 5600ን ይቀበላል፣ ልዩነቱም ከማንኛውም ኦቨርክሎክ ይሰፋል። አንዳንድ ቦርድ በአዲሱ ባዮስ ላይ የቆዩትን ፕሮሰሰሮች ስለሚተው፣ ከማዘመኑ በፊት የአምራቹን የድጋፍ ዝርዝር ያንብብ።

ሞቃት አካባቢ ያለ ሰው ወደ ኋላ ቢሄድ ነው የሚሻለው። ፒፒቲን 65 ዋት ላይ ያውርድ፣ ከርቩን አሉታዊ 15 ላይ ያድርግ። ፍጥነቱ ከፋብሪካው እምብዛም አያንስም፣ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል።

ኮምፒውተሩ ቅንብር ከተቀየረ በኋላ አልነሳ ያለው ሰው ገመዱን ነቅሎ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ፣ ባትሪውን አምስት ደቂቃ አውጥቶ ይመልሰው፤ ወይም በማንዋሉ ላይ የተመለከቱትን ሁለት የሲሞስ (የባዮስ ቅንብር ማስቀመጫ) ማጥፊያ ፒኖች ለአሥር ሰከንድ በብሎን መፍቻ ያገናኛቸው። ከራም ቅንብር የመጣ ከሆነ ባትሪ ሳይነካ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱን እያጠፋ እንዲሞክር ይተወው፤ ብዙ ቦርዶች ከዚያ በኋላ በራሳቸው ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመለሳሉ።